ድኩላው ለውሃ የሚወርድበት ሰዓት

ስለ ድኩላ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ ፊደል የማይለዩ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውን ፊደል ያስቆጠርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰው ይህን ሲሰማ ጥሩ ልውውጥ ነው ይላል። እኔም ለብዙ ዓመት እንዲያ እያልኩ አወራው ነበር፤ ታሪኩን ግማሽ ላይ እያቆምኩ። ዛሬ እስከ መጨረሻው ልጽፈው ስቀመጥ ጆሮዬ ይግላል።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጧጧፈበት። ደሴ ሆጤ ተወልጄ ያደግኩ፣ ኮምቦልቻ በባዮሎጂ አስተማሪነት የተመደብኩ ጎረምሳ ነበርኩ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ከከተማው በላይ፣ የጎፍ የሚባለው ተራራ ጥግ ወዳለ የገበሬ ማኅበር በእግሬ እየወጣሁ አዋቂዎችን ማስተማር ግዴታዬ ነበር። ክፍላችን የቆርቆሮ ጣሪያና ግማሽ ግድግዳ ያለው የማኅበሩ አዳራሽ ነው። ተማሪዎቼ ከእርሻ ውለው የሚመጡ ስለሆኑ ግማሾቹ ያንቀላፋሉ። የቀሩት ጠመኔ የጨበጠ እጄን እያዩ፣ ይህ ልጅ ሞፈር ጨብጦ ያውቅ ይሆን እያሉ ይገምቱኛል። አላውቅም ነበር።

ከሁሉ ፊት የሚቀመጡት ሽማግሌው ነበሩ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጺማቸውን ሒና የሚቀቡ ሰው። የመጀመሪያው ቀን ለምን መማር እንደሚፈልጉ ሁሉንም ጠየቅኩ። አብዛኞቹ «ታዘን ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እሳቸው ግን ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለች መታወቂያ አወጡ።

«ይህን መንግሥት ሰጠኝ» አሉ። «ፎቶዬ አለበት። ምን እንደሚል ግን ሰው እያነበበ ነው የሚነግረኝ። አንዱ አንድ ይለኛል፣ ሌላው ሌላ። በራሴ ዓይን ሳላየው ብሞት ይቆጨኛል፣ ወላሂ።»

ተቀብዬ አነበብኩላቸው። «የደን ጠባቂ» ይላል፤ ከሥሩ ስማቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና መልሰው ጠቀለሏት።

ጠባቂነቱ መንግሥት የሰጣቸው አልነበረም፤ መንግሥት ወረቀቱን ነው የሰጣቸው። ከደኑ ጫፍ አንድ ምንጭ አለ፤ ከምንጩ በላይ ጥንት አንድ ሸኽ ዱዓ ያደርጉበት የነበረ፣ ሰው እስከ ዛሬ ለዚያራ የሚወጣበት ቦታ አለ። ያ አካባቢ መጥረቢያ አይገባበትም። እንስሳ አይታደንበትም። የሽማግሌው አያት አዳኝ ነበሩ አሉ። አንድ ቀን ምንጩ ዳር ሴት ድኩላ ገድለው ሲበልቱ ከሆዷ ሊወለድ የደረሰ ግልገል አገኙ። ደንግጠው ወደ ሸኹ ሮጡ። ሸኹም አልተቆጧቸውም፤ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ውሃ የሚጠጣ ሁሉ የአንተ እንግዳ ነው፤ አማና ሰጥቼሃለሁ» አሏቸው፤ አደራ ማለታቸው ነው። የዚያች የድኩላ ቆዳ ለቤተሰቡ መስገጃ ሆነ። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ እሳቸው ወርዶ፣ ጠጉሩ በጉልበትና በግንባር ቦታ ተልጦ፣ እኔ ሳየው መሐሉ እንደ ወረቀት ሳስቷል።

«በእሱ ላይ በሰገድኩ ቁጥር ዕዳዬን አስታውሳለሁ» ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ከትምህርት በኋላ «ና፣ እኔም ደግሞ አንድ ነገር ላስተምርህ» ብለው ወደ ምንጩ ይዘውኝ ወጡ። ከአንድ ወይራ ሥር ተቀመጥን። ዝም ብለን ቆየን። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ዝምታ ያሳክከኛል። ዓይኔን ወዲያ ወዲህ ሳንከራትት ቀስ ብለው ጉልበቴን ያዙኝ።

«ድኩላን በቀንዱ አትፈልገው» አሉ። «ቀንዱ ቅርንጫፍ ይመስልሃል። በገላውም አትፈልገው፤ ጥላ ይመስልሃል። ጆሮውን ፈልግ። ከሌላው ገላው ሁሉ ጆሮው ነው የማይቀመጥ።»

እውነታቸውን ነበር። አጋም ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ቅጠል የመሰለኝ ነገር ዞር አለ፤ ከዚያ ሌላው ቅጠል። ከዚያ ቀስ በቀስ ድኩላው ከጆሮው ጀምሮ ተሠራልኝ። ወንድ ነው፤ ጥቁር ለማለት ትንሽ የቀረው፣ ጉሮሮው ሥር ነጭ ምልክት ያለበት፣ ታፋው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለው። ቀንዱ አንዴ ተጠማዝዞ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ እግሩን አንሥቶ ቆሞ አሰበ። ሌላውን አነሣ። ሃያ እርምጃ ለማትሞላ መንገድ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ጠጥቶ ሲያበቃ ግን አንድም ቅጠል ሳያንኮሻኩሽ ነው የጠፋው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ወጣን። መንጋ እንደማያበጅ፣ ብቻውን እንደሚውልና እንደሚያድር ያን ጊዜ ተማርኩ። ሴቷ ቀንድ የላትም፤ መልኳም ወደ ቀይ ያዘነብላል። ልጇን ጥሻ ውስጥ ደብቃ ትሄድና ለማጥባት ብቻ ትመለሳለች። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ቅጠልና ፍሬ ሲያባክኑ ድኩላው ከሥር ሆኖ ይለቅማል። «ያለ መሰላል የሚበላ ባላባት» ይሉት ነበር ሽማግሌው። ነብር ሲሸተው ደግሞ እንደ ውሻ ይጮኻል፤ አንድ ወፍራም ጩኸት፣ ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና።

«ሲጮኽ እኮ ራሱ ያለበትን ያሳውቃል» አልኩ እኔ ሊቁ።

«ሌሎቹ ይድኑ እንጂ» አሉ። «ዝም ቢልማ እሱ ይተርፍ ነበር።»

እኔም በበኩሌ የመጽሐፍ ዕውቀቴን አወርድባቸዋለሁ። በሌሎች አገሮች ያለው፣ የእኛ ሰው ሥዕሉን እያየ አጋዘን የሚለው እንስሳ በየዓመቱ ቀንዱን እንደሚጥልና አዲስ እንደሚያበቅል ነገርኳቸው። የእኛው ድኩላ ግን አንዴ የበቀለለትን ይዞ ይሞታል። ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ቀንዱን የሚጥል! ያረቢ! ታዲያ ወንድነቱን ምን ላይ ሊሰቅል ነው?» አሉ። ያን ዕለት ስንወርድ ከፊታችን አንዲት ሴት ድኩላ ከግራ ወደ ቀኝ መንገዱን አቋረጠች። «ገደኛ ነህ» አሉኝ። ድኩላ ከግራ ወደ ቀኝ ከተሻገረ መንገደኛ የሄደበት ይቃናለታል ይባላል ብለው አስረዱኝ። እኔ ለአጉል እምነት ቦታ የለኝም የምል ሰው ነበርኩ፤ ግን ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ቢራው ልምጣ።

ቢራ አልወድም። ያን ጊዜም አልወድም ነበር። አባቴ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ በኋላ አማኞቹ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይሰበሰቡ ነበር። አንድ ቀን ሆጤ እኛ ቤት ተሰብስበው ሲዘምሩ ተይዘው አባቴ ብዙ ወራት ታስረው ወጥተዋል። እኔ ኮምቦልቻ ስመደብ «ጴንጤ» የሚለው ስም ከኋላዬ እንዳይከተለኝ እፈራ ነበር። ጴንጤ አይጠጣም ይባላል። ስለዚህ እጠጣ ነበር። እንደ መድኃኒት እየዋጥኩ፣ ሰው እያየኝ መሆኑን እያረጋገጥኩ።

አንድ ማታ መንገድ ዳር ካለችው ቡና ቤት ከአውራጃው ካድሬ ጋር ተቀመጥኩ። ካድሬው ክፉ ፊት የለውም፤ ሳቂታ ነው። ስለ ጥይቱ፣ ስለ ዒላማው፣ ወደ ሐርቡ ቆላ ወርዶ ስለገደለው ከርከሮ ሲያወራ ሁሉም አፉን ከፍቶ ያዳምጠዋል። እኔ የማወራው አልነበረኝም። ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ «ከርከሮማ ማንም ያገኛል» አልኩ። «እኔ የማውቀውን ጥቁር ድኩላ ብታይ!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። የት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። መቼ ነው የሚመጣው አለ። «ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ለውሃ ይወርዳል፤ አንድ ቀን አያዛንፍም» አልኩ። ጧት ነው ብል፣ ወይም ሌላ ሸለቆ ብጠራ፣ ማን ያውቃል? በኋላ ለመዋሸት ያላፈርኩ ሰው ያን ማታ እውነቱን ተናገርኩ፤ አዋቂ መባል አምሮኝ።

«ጠባቂው ሽማግሌስ?» አለ።

«ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ሰላት ከተማ ይወርዳሉ። ቆይተው ነው የሚመለሱት።»

ይህንንም ነገርኩት። ማንም እጄን ጠምዝዞ አላናገረኝም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ላንድሮቨሩ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ካድሬው፣ ሹፌሩና ጠመንጃው። «ና፣ አሳየን እንጂ» አለኝ። ክፍል አለኝ ብል ይቻል ነበር፤ አልነበረኝም እንጂ። ስገባ በመስተዋቱ እያየኝ «አባትህ ደህና ናቸው? አሁንም ይዘምራሉ?» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ሽቅብ ስንወጣ መንገድ እየመራሁ፣ ቅርንጫፍ እየያዝኩላቸው፣ ሽማግሌው ባስተማሩኝ አረማመድ እየረገጥኩ ሄድኩ። ከወይራው ሥር አስቀመጥኳቸው። ድኩላው ሲመጣ ቀድሜ ያየሁትም እኔ ነኝ። በጆሮው።

ካድሬው እንደሚያወራው አልነበረም። ጥይቱ ታፋውን መታው። ድኩላው ዘለለ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ተጎተተና እዚያ ተኛ። ከዚያ ጮኸ። ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ከላይ ጉሬዛዎቹ ሲሸሹ ዛፉ ሁሉ ተናወጠ።

ካድሬው ሁለተኛ ጥይት ሲያጎርስ ሽማግሌው ከታች ብቅ አሉ። ያን ዕለት ምን እንዳስቸኮላቸው አላውቅም። ነጭ የጁምዓ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ። ካድሬውን አላዩትም ማለት ይቻላል። «ነፍሱ አለች? ነፍሱ አለች?» እያሉ በአጠገባችን አለፉ። ካድሬው ጠመንጃውን ወደ ጎን አደረገ። ሽማግሌው ከድኩላው አጠገብ ተንበረከኩ፤ ቢላዋቸውን አወጡ፤ አንገቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዞሩ። ልጅ ሲያስተኙ እንደሚባለው ያለ አንድ ነገር በጆሮው አሉት። ከዚያ «ቢስሚላሂ አላሁ አክበር» ብለው ባረኩት።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን በገዛ እጃቸው አረዱት። በክት ሆኖ ከሚወድቅ፣ ሲሠቃይ ከሚያመሽ ያ ይሻላል ብለው ነው። ነጩ ልብሳቸው ከደረት እስከ እጅጌው ደም ሆነ።

ቀና ሲሉ እኔን አዩኝ። «አንተም ተኩሱን ሰምተህ ነው የሮጥከው?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አላህ ይስጥልኝ ልጄ። ብቻዬን አልነበርኩም።»

ካድሬው አየኝ። «የለም አባባ፣ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው» ለማለት አፌን ብከፍት ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን እዚያው ነቀዘ።

ከዚያ የሆነውን ዛሬም ሳስበው ልስቅ ይቃጣኛል። ሹፌሩ ድኩላውን ሊያነሣ ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና ብሎ «ጓድ፣ ይሄማ የእስላም ሥጋ ሆነ» አለ። ካድሬው በየስብሰባው እግዚአብሔር የለም፣ ሃይማኖት የአድኃሪያን መሣሪያ ነው እያለ የሚያስጨበጭበን ሰው ነው። ድኩላውን አየ፣ ቢላዋውን አየ፤ ፊቱ ጠቆረ። «ሽማግሌ፣ አበላሸህብኝ!» ብሎ ጮኸ። እግዚአብሔር የለም ያለው ሰው ቢስሚላህ የተባለበትን ሥጋ መኪናው ላይ መጫን አልቻለም። ጥለውት ወረዱ። እኔንም ጥለውኝ።

ሽማግሌው ሐላል የሆነን ሥጋ መጣል ሐራም ነው አሉ። እሳቸው የፊት እግሩን፣ እኔ የኋላ እግሩን ይዘን ወደ ቤታቸው አወረድነው። ለአንዲት አራስ፣ ለሁለት ችግረኛ ቤቶች አከፋፈሉት። ባለቤታቸው ለእኔ ቀቅለው አቀረቡልኝ። «የእኛን ሥጋ ትበላለህ?» አሉኝ እያመነቱ። የወንጌል አማኞች ለዚህ ግድ የላቸውም አልኳቸው። በላሁ። ሽማግሌው ግን አልቀመሱም፤ ግድግዳውን ተደግፈው የድሮውን መስገጃ ጠርዝ በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። ማለት ያለብኝን ልበል፦ ጣፍጦኝ ነበር።

ተኩሱ ከታች ተሰምቶ ኖሮ ከደን መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ጠየቀ። በተከለለ ደን ማደን ያስጠይቃል። ካድሬው አልጠበቀም፤ ቀድሞ ራሱ ከሳሽ ሆነ። ጠባቂው አርዶ ሥጋውን ለመንደሩ አከፋፈለ ተባለ። ደም የነካው ልብስ አለ፤ ቆዳው እሳቸው ቤት ነው፤ ሥጋውን የበሉ ሰዎች አሉ። ምን ቀረ?

ጉዳዩ በገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ሊታይ ተቀጠረ። ካድሬው ከችሎቱ በፊት ባለው ቀን ትምህርት ቤት መጣ። ከመኪናው አልወረደም።

«ነገ ትጠየቃለህ። ስትደርስ ታርዶ ነበር፣ አይደል?»

«ምኑ?»

«ድኩላው ነዋ። ከአጠገቡ ስትደርስ ታርዶ ነበር። ይኸው ነው፤ ሌላ አትጨምር።» ከዚያ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አባትህን ሰላም በልልኝ።»

ያን ማታ ሆጤ ሄጄ ለአባቴ ልንገራቸው ብዬ አሰብኩ። ደሴ ሩቅ አይደለም፤ ዳገቱን መውጣት ነው። አልሄድኩም። ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። «እኔ እንደሆነ ታስሬ አይቼዋለሁ፤ እውነቱን ተናገር» ይሉኝ ነበር። የሸሸሁት ይህን ነው። በአባቴ አሳብቤ እንጂ ለአባቴ ብዬ አልዋሸሁም።

ችሎቱ የተቀመጠው እኔው በማስተምርበት አዳራሽ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለፈው ቀን የጻፍኳቸው ፊደላት አልጠፉም ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር መሐል ተቀመጠ፤ ካድሬው ከጎኑ። ሽማግሌው ነጩን ልብሳቸውን አጥበው ለብሰው መጡ፤ ደሙ ግን ቢጫ ሆኖ ቀርቷል።

ተጠየቁ። «ጥይት የተኮሰው ሌላ ነው» አሉ በተረጋጋ ድምፅ። ማን እንደሆነ አልጠሩም፤ ዓይናቸውን ግን ካድሬው ላይ ጥለው አነሡ። «እኔ ነፍሱ ሳትወጣ ደረስኩ፤ ሐላል አደረግኩት። ቢላዋው የእኔ ነው፤ አልክድም። ሐቁን ለማወቅ አስተማሪዬን ጠይቁት። አጠገቤ ነበር። ሐሰት አያውቅም።»

የሚያጡት ነገር ምን እንደነበር አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ጥፋተኛ ከተባሉ ጠባቂነቱ ይነሣል፤ ከአያታቸው ጀምሮ የቆመ አማና በእሳቸው እጅ ይሰበራል። እኔም አውቅ ነበር። ከማንም የበለጠ እኔ አውቅ ነበር።

ተነሣሁ። ሊቀ መንበሩ «ያየኸውን ተናገር» አለ።

«ከአጠገቡ ስደርስ ታርዶ ነበር» አልኩ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። መጀመሪያ ግራ የገባቸው መሰሉ፤ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ከዚያ እኔን ተዉና ካድሬውን አዩ፤ ከዚያ እንደገና እኔን፣ ጆሮዬን። ጆሮዬ እየነደደ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር የገባቸው ይመስለኛል፤ ዓርቡም፣ ሰዓቱም፣ መንገዱን ማን እንደመራ።

«ተኩስ ሰምተሃል?» አለኝ ከሸንጎው አንዱ ሰው።

አፌን ልከፍት ስል ሽማግሌው ቀደሙኝ። «ተዉት» አሉ። «ልጁ የሚችለውን ተናገረ፤ ይብቃው። እኔ ነኝ ያረድኩት። ጻፉት።»

ጻፉት። ከጥበቃው ተነሡ። ምንጩ አካባቢ እንዳይደርሱ፣ መታወቂያውን እንዲመልሱ ተወሰነ። መታወቂያዋን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፤ ላስቲኩን ፈቱ። ወዲያው አልሰጡም። ወደ ዓይናቸው አቅርበው፣ በሌባ ጣታቸው እየተከተሉ፣ «የ… ደ… ን… ጠ… ባ… ቂ» ብለው አነበቡ። ሰው ሳያነብላቸው የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ አስረከቡ።

ከዚያ በኋላ ትምህርት አልመጡም። እኔም ብዙ አልቆየሁም፤ ቦሩ ሜዳ አጠገብ ወዳለ ትምህርት ቤት ዝውውር ጠይቄ ደሴ ተመለስኩ። ሽማግሌው ደርግ ሳይወድቅ እንደሞቱ ሰማሁ። ባለቤታቸውን አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ገበያ አገኘኋቸው፤ እጄን ይዘው ደጋግመው ሳሙኝና «አብሽር፣ ከሳህ» አሉኝ። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ለማለት ጥሩ ጊዜ ነበር። ልጆች እንዳሉኝ ነገርኳቸው። ምንጩ ዳር ያለው ወይራ መቆረጡን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ድኩላ ግን ዛሬም በየጎፍ ተራራ አለ ይባላል፤ እኔ ሄጄ አላየሁም።

አንድ ነገር ዘልያለሁ። ለመጻፍ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ውሳኔው ተነቦ ሲያበቃ ጸሐፊው የአሻራ ቀለም አቀረበላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ጣቴን አላጠቁርም» አሉ። «አስተማሪ አለኝ።» እስክሪብቶ ለመኑ። ጎንበስ ብለው፣ ምላሳቸውን ከንፈራቸው ላይ አውጥተው፣ እኔ ሰሌዳ ላይ እንዳሳየኋቸው ከላይ ወደ ታች ስማቸውን ጻፉ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ከደብተራቸው ውጪ ስማቸውን በገዛ እጃቸው ሲጽፉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ድኩላውን ያለ ፈቃድ ገደልኩ ከሚል ቃል ሥር።

ጽፈው ሲጨርሱ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት። ሌላ ቀን ክፍል ውስጥ ደብተራቸውን እንደሚያሳዩኝ አድርገው፣ በጣታቸው የመጨረሻዋን ፊደል እየጠቆሙ፣ «የዚችን እግር አላጣመምኳትም?» አሉኝ።

«አላጣመሟትም፣ አባባ» አልኩ።